የእስፓኝ ቋንቋ ትምህርትና የአሶሳ ተማሪዎች

የውጭ አገር ቋንቋ መማር ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ከግብፅ በመጡ መምህራን ፈረንሳይኛን፣ እንግሊዝኛን፣ ጣሊያንኛንና ዓረብኛን ያስተምር ነበር። ከዚያም አስቀድሞ በቅኔ ቤት የሚቀመጠው ተማሪ፣ በእናቱ ቤት ያልሰማውን ግእዝ በመምህሩ ቃል፣ በግስና በአገባብ እየተማረ ቅኔ እስከ መቀኘት ይደርስ ነበር፤ ዛሬም ይደርሳል። በእነዚያ ዘመናት የቋንቋ ትምህርት መሣሪያው የመምህሩ አፍና የተማሪው ጆሮ ነበር። አሁን ግን ሌላ መሣሪያ መጥቷል፤ እርሱም በየወጣቱ እጅ ያለው ስልክ ነው።

ዛሬ በአሶሳ ከተማ የሚኖር አንድ የኮሌጅ ተማሪ የእስፓኝን ቋንቋ፣ ማለት በተለምዶ ስፓኒሽ የሚባለውን፣ ልማር ብሎ ቢነሣ እስከ ማድሪድ መሄድ አያስፈልገውም። ስልኩን ከፍቶ የባለ ቋንቋውን ድምፅ ይሰማል፤ የሰማውን ደጋግሞ ይናገራል፤ ቢሳሳት የሚስቅበት ሰው የለም፤ ሌሊት ቢነቃ መሣሪያው አይተኛም። ይህ ታላቅ ጸጋ መሆኑን መካድ አይገባም። ዓይን አፋር የሆነ ተማሪ በሰው ፊት አንድ ቃል ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅበት መምህራን ሁሉ ያውቁታል፤ ስልኩ ይህን ፍርሃት በብዙ ያቃልላል። ነገር ግን መሣሪያው መልካም ስለ ሆነ ብቻ በውስጡ የተጫነው ትምህርት ለአሶሳ ተማሪ የተዘጋጀ ነው ማለት አይደለም። ሊመረመር የሚገባውም ይህ ነው።

አስቀድሞ ግን «እስፓኝ ለአሶሳ ምኗ ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና መልሱ በአጭሩ ቢነገር መልካም ነው። የእስፓኝ ቋንቋ በሃያ አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ከእነዚህም አንዷ የአፍሪካዊቱ ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከስድስቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዋና መቀመጫውን አዲስ አበባ ባደረገው በአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎች ውስጥ ተቆጥሯል። አስተርጓሚና ጸሐፊ የሚፈልገው ጉባኤ በኢትዮጵያ ምድር የሚቀመጥ ሲሆን፣ ለዚህ የሚበቃ ኢትዮጵያዊ ማዘጋጀት የተገባ ነው። ሜክሲኮም ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ያዝሁ ባለች ጊዜ ያንን ወረራ አናውቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ ያለው ስለዚህ ወዳጅነት ነው። ስለ ኩባ ደግሞ ከታች ይነገራል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ተማሪው ገና እንግሊዝኛውን ሳይጨብጥ ሌላ የፈረንጅ ቋንቋ ለምን ይጫንበታል?» የሚሉ አሉ፤ ነገሩም እንዲያው የሚናቅ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ፈተናው የቀረበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ተማሪው በማይገባው ቋንቋ መጠየቁ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ማንም አይስተውም። እንግዲህ የእስፓኝ ቋንቋ በእንግሊዝኛ በኩል የሚሰጥ ከሆነ ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው፤ በእንግሊዝኛ የደከመው ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ እንዲደክም ይሆናል። በስልክ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ባብዛኛው እንዲሁ ነው። በዓለም እጅግ የታወቀው ዱዎሊንጎ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ አማርኛን መነሻ አድርጎ እስፓኝን የሚያስተምርበት ክፍል የለውም። ስለዚህ የበርታ ልጅ ከእናቱ ቋንቋ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እስፓኝ ሦስት ወንዝ ይሻገር ዘንድ ይገደዳል።

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ የሚሄድ መንገደኛ መኪናው በቀጥታ ያደርሰዋል። ይህ ሰው በአዲስ አበባ በኩል ዙር ቢባል፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ያንኑ ያህል ይመለስ ዘንድ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል እስፓኝን መማርም ከዚህ የሚለይ አይደለም፤ ምክንያቱም በብዙ ነገር አማርኛ ለእስፓኝ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይቀርባል።

ለምሳሌ እንግሊዛዊው ለልጁም፣ ለወዳጁም፣ ለዳኛውም የሚናገርበት አንድ ቃል ብቻ ነው። እስፓኛዊው ግን ለወዳጁ «ቱ»፣ ለሚያከብረው ሰው «ኡስቴድ» ይላል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ የአማርኛ ተናጋሪ ግን «አንተ» እና «እርስዎ» ማለትን ከጡት ጋር የጠባው ስለ ሆነ በአንድ ቃል ይገባዋል። እንደዚሁም በእስፓኝ ቋንቋ ግሱ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። «አብሎ» ሲል «እናገራለሁ» ማለቱ ነው፤ «አብላስ» ሲል «ትናገራለህ» ወይም «ትናገሪያለሽ» ማለቱ ነው፤ «እኔ» ወይም «አንተ» ብሎ መጨመር ግድ አይሆንበትም። አማርኛም ግእዝም የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። በቅኔ ቤት ግስ ያወረደ ሰው፣ ከቀተለና ከቀደሰ ጀምሮ ስምንቱን የግስ አርእስት የለየ ሰው፣ የእስፓኝ ግሶች መጨረሻቸው «አር»፣ «ኤር» እና «ኢር» እየሆነ በሦስት ቤት እንደሚከፈሉ ቢነገረው አይደነግጥም፤ እንዲያውም አነሱ ብሎ ይገረም ይሆናል። መምህሩ ይህን ማነጻጸሪያ ቢያውቅበት የብዙ ሳምንት ድካም ያሳጥራል።

በድምፁም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። እስፓኞች አናባቢያቸው አምስት ነው፤ ከፊደላችን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ይበቃሉ። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ግን እነዚህን ድምፆች እያጣመመ ይጠራቸዋል። እንግሊዛውያን በሁለት ፊደል የሚጽፉትና ብዙ ጊዜ የሚቸገሩበት «ኝ» በእስፓኝ ፊደል ላይ ምልክት ብቻ ተደርጎበት የሚጻፍ ነው፤ ለእኛ አገር ተማሪ ግን ተራ ድምፅ ነው። «ፔሮ» ማለት «ነገር ግን» ነው፤ «ር»ው ሲጠብቅ «ፔርሮ» ይሆናል፤ ትርጉሙም ውሻ ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች ይህን ለመለየት ዓመት ይፈጅባቸዋል። በአማርኛ «መንገድ ይመራል» እና «መድኃኒት ይመራል» ብሎ የሚለይ ሰው ግን «ር»ን ማላላትና ማጥበቅ ከልጅነቱ ያውቃል። ችግሩ ስልኩ ይህን ማወቁን አያውቅም። ተማሪውን እንደ አሜሪካዊ ቆጥሮ፣ የሚያውቀውን እያስተማረ፣ የማያውቀውን እንደሚያውቀው አድርጎ ያልፈዋል።

በአሶሳ ግን ከአማርኛ ሌላ ደግሞ የተለየ ሀብት አለ። ከበርታ ሕዝብ ብዙው ከእናት ቋንቋው ቀጥሎ የሱዳንን ዓረብኛ ይናገራል፤ ዓረብኛ በቤላ ሻንጉል አገር ከጥንት ጀምሮ የንግድና የጽሕፈት ቋንቋ ነበር። ይህ ከእስፓኝ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢሉ፣ እስላሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ711 ወደ እስፓኝ ምድር ገብተው፣ የመጨረሻይቱ ከተማቸው ግራናዳ በ1492 እስክትያዝ ድረስ ወደ ስምንት መቶ ዓመት ያህል በዚያች አገር መንግሥት ነበራቸው። ቋንቋቸውም በእስፓኞች አፍ ላይ ቀረ። ስኳር «አሱካር»፣ ዘይት «አሴይቴ»፣ ሩዝ «አሮስ»፣ ጥጥ «አልጎዶን»፣ ትራስ «አልሞአዳ» ይባላል፤ ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ሱከርን፣ ዘይትን፣ ሩዝን፣ ቁጥንንና ሚኸዳን ወዲያው ያገኛቸዋል። የዓረቡ «አል» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷልና። አማርኛ ጣሳ የሚለውን ከዓረብ ወስዶ እንደ ያዘ፣ እስፓኝም ሲኒውን «ታሳ» ብሎ ይጠራዋል። «ምነው በሆነ» ለማለት እስፓኛዊው «ኦኻላ» ይላል፤ በውስጡ የአላህ ስም እንዳለበት የሚያስተውሉት ሁሉም አይደሉም።

እንግዲህ የአሶሳ ገበያ ልጅ፣ ስኳርና ዘይት በዓረብኛ ሲሸጥ ሲገዛ ያደገ፣ የእስፓኝን ቋንቋ በጀመረበት ቀን ብዙ ቃል በእጁ ይዞ ይነሣል። በእርግጥ ይህ የመግቢያ በር እንጂ ቤቱ አይደለም፤ ጥቂት መቶ ቃል በማወቅ ቋንቋ ታወቀ አይባልም። ሆኖም ለጀማሪ ተማሪ «ይህን እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ልቡ መነሣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ይልቁንም በትምህርት ቤት ዘመኑ ሁሉ የሚያውቀው ቋንቋ እንደ ጉድለት ሲቆጠርበት ለኖረ ልጅ፣ ያ ቋንቋ ለአዲስ ትምህርት መሰላል ሲሆንለት ማየት ትልቅ ነገር ነው። በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መግባታቸው ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው፤ አሳቡ በኮሌጅ ደጃፍ ላይ ሊቀር አይገባውም። የዓለም የትርጉም መሣሪያዎች በዚህ አይረዱትም። የጎግል የትርጉም መሣሪያ አማርኛን በ2008 ዓ.ም.፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2014 ዓ.ም. ሲጨምር፣ በርታኛና ጉሙዝኛ በዚያ ቁጥር ውስጥ አልገቡም። ይህን የሚያሟላ በአሶሳ የሚኖር መምህር ብቻ ነው።

መሣሪያ ገዝቶ መምህርን መርሳት ምን እንደሚያመጣ ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ አይታዋለች። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ገባ፤ ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሳተላይት እስከ ሩቅ ወረዳ ደረሰ። አሳቡ መልካም ነበረ፤ በገጠር ያለ ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ነውና። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር ፈጥኖ ይናገር ነበር፤ «አልገባኝም» ቢሉት አይመለስም። በክፍሉ የቆመው መምህር ደግሞ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ሥራው ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች መሆን ሆነ። መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ስልክ ከፕላዝማ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ቆም ይላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይደግማል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ከውጭ ተሠርቶ የመጣ፣ መነሻውም እንግሊዝኛ፣ መምህሩም ተመልካች ከሆነ፣ ያው ፕላዝማ አንሶ በኪስ ገባ ማለት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲሱ ብልሃት ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚሉ ደግሞ በርክተዋል። እርግጥ ነው፣ ከተማሪው ጋር በእስፓኝ ቋንቋ እንደ ሰው ይነጋገራል፤ ለልምምድ ከዚህ የሚሻል ጓደኛ በአሶሳ ማግኘት ያስቸግራል። በአማርኛ ሲያስረዳ ግን አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱን እንደ እውነት አድርጎ በድፍረት ይናገራል፤ ጀማሪው ተማሪ ይህን ለመለየት ገና አልበቃም። ለልምምድ እንጂ ለመጀመሪያው ትምህርት መመደብ የለበትም።

እንግዲህ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል በጀመረው በዚህ ተቋም፣ የእስፓኝን ቋንቋ በዲጂታል መሣሪያ ማስተማር ቢታሰብ፣ ገንዘቡ ከሁሉ አስቀድሞ መዋል የሚገባው ለትምህርቱ ዝግጅት እንጂ ለዕቃው ግዥ አይደለም። ዕቃው ባብዛኛው በተማሪዎቹ እጅ አለ። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርትም አይሆንም፤ መረቡ ይቋረጣል፣ ዋጋውም ለተማሪ ይከብዳል። ድምፁና ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ፣ ተማሪው ያለ ክፍያ ወደ ስልኩ ቢገለብጠው፣ የቀረውም በቴሌግራም ወይም በሚሞሪ ካርድ ቢዳረስ ይበቃል። ከዚሁ ክልል፣ ከጉባ ወረዳ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት ታስቦ ሲሠራ፣ የዚሁ ክልል ተማሪ ስልኩን የሚሞላበት መብራት ሳይቋረጥ ያገኝ ዘንድ መጠየቅም ተገቢ ነው።

የመምህሩ ሰዓት ደግሞ አይነካ። ተማሪው በስልኩ የሰማውንና የደገመውን ይዞ ወደ ክፍል ይምጣ፤ በክፍል ከሰው ጋር ይነጋገር፤ መምህሩም በአማርኛ፣ በዓረብኛና በበርታኛ እያነጻጸረ ያርመው። ዓረብኛ የለመደ ተማሪ «ፕ»ን «ብ» እያደረገ ቢናገር ማሽኑ «ተሳስተሃል» ብሎ ያልፋል፤ ለምን እንደ ተሳሳተ የሚነግረው ግን የእርሱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ሥርዓት በአሶሳ ቢሠራ ለግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ይተርፋል፤ ለእንግሊዝኛው ትምህርት ራሱ ያን ጊዜ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ እንግሊዝኛም ቢሆን ከተማሪው ቋንቋ ተነሥቶ መማርን ይፈልጋልና።

ድምፁን ማን ይናገር የሚለው ቀርቷል፤ እዚህ ላይ ነው የኩባ ነገር የሚመጣው። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡትን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ አድገው ተምረዋል። በእስፓኝ ቋንቋ ፊደል ቆጥረዋል፣ በእርሱም ሐኪምና መሐንዲስ ሆነዋል፣ በእርሱም ተቃልደዋል። አማርኛንም እስፓኝንም እኩል የሚናገሩ፣ ሁለቱ የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን በሕይወታቸው የሚያውቁ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ንግግራቸው የኩባ ነው፤ የቃሉን መጨረሻ «ስ» መዋጥ ይወዳሉ፤ የማድሪድ ሰው ይህን አይወደው ይሆናል፤ ለአሶሳ ጀማሪ ግን የሚያሰናክል ነገር አይደለም፤ የማድሪዱን ድምፅ ከስልኩ ያገኛልና።

እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች አሁን እድሜያቸው እየገፋ ነው። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሊወጡ ተቃርበዋል። ትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲው ተነጋግረው ጥቂቶቹን ቢጋብዙ፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሁለት ማይክራፎን፣ በርታኛ የሚናገር አንድ መምህርና የአንድ ክረምት ጊዜ ቢሰጣቸው፣ የመጀመሪያዎቹ አርባ ወይም አምሳ ትምህርቶች በአማርኛ ማብራሪያና በእስፓኝ ድምፅ ተቀርጸው ከመስከረም በፊት በግቢው ሰርቨር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ።